አልማዝ ንቦቹን አልበላችም

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለባሌ ሳልነግረው ሞቶ ቀበርኩት። ለልጆቼም አልነገርኳቸውም። የነፍስ አባቴ በየዓመቱ በሁዳዴ ሲጠይቁኝ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሳይቀር እነግራቸዋለሁ። ይህን ግን እዘለዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዘልዬዋለሁ። ረስቼው እንዳይመስላችሁ። ሰው የረሳውን አይዘልም።

እኔ አበባ ሻጭ ነኝ። የከተማችንን ስም አልጽፍም። ከጅማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ያላት፣ በመኸር ግቢው ሁሉ ቡና የሚሰጣባት ትንሽ ከተማ ናት። ለሚያውቀኝ ይህ ይበቃዋል፤ ለማያውቀኝ ስሟ ምንም አይጨምርለትም።

ሰው አበባ ሻጭ ሲባል እጇ የሚሸት፣ ቀኗ የሚያምር ሴት ትመስለዋለች። የእኔን እጅ ብታዩት የድንጋይ ጠራቢ እጅ ትሉታላችሁ። መስከረም ላይ ቄጠማና አደይ አበባ ከወንዙ ዳር አጭጄ በጀርባዬ አመጣለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ የጓሮዬን ጽጌረዳና ዳህሊያ ፀሐይ ሳይሞቅ እቆርጣለሁ፣ በርጥብ ጋዜጣና በኮባ ጠቅልዬ ለገበያ እይዛለሁ። ሰው ሲሞት ቀርከሃ አጥፌ፣ ጥድ አልብሼ ጉንጉን እሠራለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ከሸለቆው ውርጭ የሚወጣበት ዓመት አለ። ያኔ ችግኞቹን በማዳበሪያ ከረጢት እየሸፈንኩ፣ ጠዋት በበረደ ውሃ ባልዲ ስሞላ ጣቶቼ ይሰነጠቁ ነበር። ባሌ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳን ባልዲ አላነሳልኝም። ልጆቼም አበባው አስተምሯቸው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ «እማዬ፣ ይህን ነገር ተዪው» ማለት ነው የሚያውቁት። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያ ጓሮ የእኔ ብቻ እንደነበረ፣ በውስጡ የሆነውም የእኔ ብቻ እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

ከጓሮዬ አጥር ወዲያ የአባ ፊጣ ግቢ ነው። አባ ፊጣ የከተማው ነባር፣ የተከበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። በአጥሩ ሥር በእንጨት ቆጥ ላይ ሰባት የንብ ቀፎ ደርድረው ነበር። ንቦቻቸው ከእኔ አበባ ይቀስሙ ነበር፣ እኔም አልከፋኝም። በመካከላችን አንድ ስምምነት ነበረን። አበባዬን ተባይ ሲይዘው መድኃኒት ለመርጨት ካሰብኩ አንድ ቀን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ማታውን የቀፎዎቹን አፍ በደረቅ ኮባ ይወትፋሉ፣ በማግስቱ ንቦቹ ሳይወጡ ይውላሉ። ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን። አንድ ጊዜ እንኳን ሳልነግራቸው ረጭቼ አላውቅም ነበር።

አልማዝ ለቡና ለቀማ ከሩቅ የመጣች ሴት ናት። ለቀማው ሲያልቅ አብረዋት የመጡት ተመለሱ፤ እሷ አምስት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ሕይወትን ይዛ ቀረች። ከእኔ ሱቅ ትይዩ አንዲት ክፍል ተከራየች። መጀመሪያ ሻይ ትሸጥ ነበር። ከዚያ ማን እንደመከራት እንጃ፣ ከአዲስ አበባ በጆንያ የላስቲክ አበባ አስመጣች።

የላስቲክ አበባ። ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ጽጌረዳ። ሰማያዊ ጽጌረዳ እግዜር አልፈጠረም። ሰዉ ግን ወደደው። ሠላሳ ዓመት ጉንጉን የሠራሁላቸው ሰዎች ዓይኔን እያዩ ወደ እሷ ተሻገሩ። አንዷ፣ ባሏን ስትቀብር ጉንጉኑን እየሠራሁ ያለቀስኩላት ሴት፣ «ብዙነሽ፣ ያንቺ እኮ በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል፤ የሷ ዓመት ይቆያል» አለችኝ። ሙት ዓመት ድረስ ይቆያል ማለቷ ነው። ምን ትሏታላችሁ?

አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ አልማዝ አበባዋን በሯ ላይ ሰቅላ ሳለ የአባ ፊጣ ንቦች መጥተው አረፉበት።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ይምጡና ይዩ» ብላ ጠራችኝ እየሳቀች። «ንቦቹም ከእርስዎ ወደ እኔ ዞሩ።»

«ታገሺ፣ ቀምሰው ይመለሳሉ» አልኳት።

ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ሳቁ። እሷም ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ ዛሬ ይህን አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። ሳቁ ግን በእኔ ላይ የተሳቀ መሰለኝና ይዤው ገባሁ። እኔ የተሳቀብኝን የማስቀምጥ ሰው ነኝ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ በረዶ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ ግን ጓሮው ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። ዳህሊያዎቹ ከወገባቸው ተሰበሩ። ጽጌረዳው ቅጠሉ ተበሳሳ። በረዶውን በእጄ ዝቄ ከሥራቸው አወጣሁ፤ ማንም አልረዳኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተረፈው ግንድ ለስላሳ ቡቃያ ወጣ፣ አበባም ያዘ። ወዲያው አረንጓዴው ቅማል ወረረው።

ያን ሳምንት የአባ ፊጣ ልጅ ነጃት ሰርግ ነበር። ነጃትን በእጄ አሳድጌያታለሁ ማለት እችላለሁ፤ ጓሮዬ ውስጥ ነው ያደገችው። የሰርጓን አበባ እኔ እንደምሠራ ሳይነገረኝ የማውቀው ነገር ነበር። አልጠየቁኝም። ለአልማዝ ሰጡት። ነጃት ሰማያዊ ጽጌረዳ ወድዳ ነው አሉኝ። የነገረችኝ እናቷ አዴ ከድጃ ናት፣ በአጥሩ ላይ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ስለ አየሩ እንደምታወራ።

በማግስቱ አልማዝ የድንኳኑን በር ልትለካ ወደ ግቢያቸው ገባች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ አየኋት። ቀፎዎቹ ፊት ቆመች። «ወይ ብዛታቸው» አለች፣ «እንዴት አምሮባቸዋል።» እኔ ባልዲዬን ይዤ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ይህን ያዙልኝ፤ አልሰማሁም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መድኃኒቱን ረጨሁ። ለጫት የሚረጩት ዓይነት ነው፣ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። የሸጠልኝ ሰው «አመሻሽ ላይ ነው የሚረጨው፣ የፈካ አበባ ላይ አይደረግም» ብሎኛል። አመሻሽ ድረስ አልቆየሁም። ለአባ ፊጣም አልነገርኩም። ለምን? ለራሴ ስንት ዓመት «ረስቼ ነው፣ በረዶው አናዶኝ ነው፣ ቸኩዬ ነው» ስል ኖርኩ። አልረሳሁም። ለመንገር አጥሩ ጋ ሄጄ «አባ ፊጣ» ብዬ መጥራት ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ እነሱን መጥራት አልፈለግኩም። መርጫውን ጀርባዬ ላይ አዝዬ በመደዳዎቹ መካከል ስሄድ ንቦቹ አበባው ላይ ነበሩ። አየኋቸው። የመጀመሪያው መደዳ ላይ አንዷ ከጽጌረዳው ውስጥ ወጥታ እጄ ላይ አረፈች። አራግፌያት መርጨቴን ቀጠልኩ። ስድስት መደዳ ነበር። በእያንዳንዱ መደዳ መጨረሻ ማቆም እችል ነበር። ስድስቱንም ጨረስኩ።

ሐሙስ ጠዋት አባ ፊጣ ቀፎዎቹ ሥር ተንበርክከው አገኘኋቸው። መሬቱ ጠቁሯል። ገና ያልሞቱት በጀርባቸው ተኝተው ይሽከረከራሉ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው የሞቱትን በእጃቸው እየዘገኑ ኮፍያው ውስጥ ይጨምሩ ነበር። ምን ሊያደርጓቸው እንደሆነ እንጃ። አዴ ከድጃና እህቷ ከኋላቸው ቆመዋል።

«ማል ጎና፣ ብዙነሽ» አሉኝ፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀና ብለው፣ «አልረጨሽም፣ አይደል?»

ቁጣ አልነበረበትም። ሰው በሩን ዘግቶ እንደሆነ ደግሞ እንደሚያጣራ ነው የጠየቁኝ።

«ኧረ አባ ፊጣ፣ ለእርስዎ ሳልነግር?» አልኳቸው።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ውሸታም ብቻ እሆን ነበር። ንቦቹ በበሽታ አለቁ ተብሎ ይቀር ነበር። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር ያልኩት።

«ያቺ ልጅ ማክሰኞ መጥታ ስታያቸው ነበር» አልኩ። «እንዴት አምሮባቸዋል ስትል ሰምቻለሁ። ማሻ አላህ ስትል ግን አልሰማሁም።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ። በእኛ ቤት ማሻ አላህ አይባልም። ግን ከእነሱ ጋር አርባ ዓመት ኖሬ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው ከብት፣ የሰው ንብ አይቶ አድንቆ ያንን ቃል ሳይል ያለፈ ሰው ምን እንደሚባል አጥቼው ነው? አውቀዋለሁ። ለዚያ ነው የመረጥኩት። ደግሞ «አላለችም» አላልኩም፤ «አልሰማሁም» ነው ያልኩት። አያችሁ ጥንቃቄዬን? እውነት ነበር፤ አልሰማሁም፤ ወደ ቧንቧው ሄጄ ነበር። ብላ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባ ፊጣ «ተይ» አሉ። «የረቢ ሥራ ነው፣ የአላህ፤ ሰው አትጨምሪበት።» አዴ ከድጃ ግን ቀድሞውኑ ወደ እህቷ ዞራ ነበር። ምሳ ሳይደርስ ወፍጮ ቤቱ ሰማ። ማታ ላይ የአልማዝ ስም ተቀይሮ ነበር፤ ንብ የበላችው ይሏታል።

ዓርብ ዕለት አዴ ከድጃ እኔ ዘንድ መጣች። «ብዙነሽ፣ እህቴ፣ የዚያችን አበባ ልጄ ራስ ላይ አላደርግም» አለችኝ። የሰርጉን አበባ ሠራሁ። ከእነዚያው መደዳዎች ቆርጬ። ሽታው እንዲለቅ ሁለት ጊዜ በውሃ ነከርኩት። ነጃት አበባውን ይዛ አፍንጫዋን ቀብራ አሸተተችው። አልነጠቅኳትም። እሑድ ከትልልቆቹ ሴቶች ጋር አስቀመጡኝ፣ በላሁ፣ ተመሰገንኩ። ያ ምስጋና ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱን ነገር ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ ነው ያየሁት። ሻይ የሚጠጣ ሰው ቀረ። ቦኖ ላይ አልማዝ ተሰልፋ ከፊቷ ያሉት ጄሪካናቸውን እያነሱ ወደ ጎን ይሉ ነበር። እሷ መጀመሪያ ቅድሚያ የሰጧት መስሏት «እግዜር ይስጥልኝ» ትል ነበር። እናቶች ሕፃኖቻቸውን ሲያሳልፉ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ሕይወት ከጎረቤት ልጆች ጋር ልትጫወት ትሄድና ልጆቹ አንድ በአንድ ይጠራሉ። ብቻዋን ትቀራለች። አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ የወደቀ የጽጌረዳ ቅጠል ስትለቅም አገኘኋት። «ሂጂ ወደ እናትሽ» አልኳት። አምስት ዓመቷ ነበር።

ቤት አከራዩ ክፍሉን ልቀቂ ያላት ቀን አልማዝ ወደ እኔ ተሻገረች። ወደ ሌላ ሰው ሳይሆን ወደ እኔ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ እርስዎ የአበባ ሰው ነዎት፣ የንብም ነገር ያውቃሉ» አለችኝ። «ንብ በምን በምን እንደሚሞት ይንገሩልኝ። እርስዎ ካሉ ይሰማሉ። እኔ ባገሬ እንዲህ ዓይነት ስም የለብኝም። ለእኔስ ግድ የለም፣ ልጄ ይዛው ታድጋለች።»

ጉንጉን እየሠራሁ ነበር። ቀና አላልኩም።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት።

«እሺ» አለች፤ «ላስቸገርኩዎ ይቅርታ።» እሷ ናት እኔን ይቅርታ የጠየቀችኝ።

በታኅሣሥ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ባለበት ጠዋት፣ ቡና በጫነ አይሱዙ ላይ ከልጇ ጋር ሄደች። የላስቲክ አበባውን ክፍሉ ውስጥ ትታው ነበር። አከራዩ አቃጠለው። የሚነድ ላስቲክ ሽታ ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ነበር።

አባ ፊጣ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ንብ አስገቡ። ከዚያ በየዓመቱ አንድ ጣሳ ማር ይልኩልኝ ነበር፣ «ያንቺ አበባ ነው» ብለው። አልመለስኩትም። እበላው ነበር። ጣፋጭ ነበር። እሳቸው ሲያርፉም በሃይማኖታቸው ጉንጉን ስለማይደረግ ባዶ እጄን ሄጄ ከሴቶቹ ጋር አለቀስኩ። ያኔም አልተናገርኩም።

ይህ ሁሉ ከእኔ ጋር ወደ መቃብር ይወርድ ነበር፣ ባለፈው ጥር ሦስት ሰዎች ባይመጡብኝ። ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ሴት፣ ከጅማ። የሴትዮዋ ልጅ አንዲት ልጅ ሊያገባ ነው። የእናቷ ነገር ትንሽ ተወርቶባቸው፣ ድሮ ወደ ኖረችበት ከተማ ለማጣራት መጥተዋል። ነባር ሰው ሲጠይቁ እኔን ጠቆሟቸው። ልጅቷ ሕይወት ናት።

«እውነት ነው ወይ እናቷ ላይ የሚወራው?» አሉኝ። «ንብ በልታ ነው የሄደችው ይላሉ።»

ወንበር ሰጥቻቸው ነበር። በእድሜም በወግም የተከበርኩ ሴት ሆኜ ተቀምጬ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። እኔ ግን ምን አልኩ?

«እኔ ሰው አላማም» አልኩ።

ተያዩ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰበሰበች። አመስግነውኝ ሄዱ። ከዚህ የባሰ መልስ የለም። አዎ ብል አንዱ ሊጠራጠረኝ ይችል ነበር፤ ይህ ግን ቆልፎ ዘጋው። እኔ ሰው አላማም! አንዲት ሴት ከነልጇ በሐሜት ያባረርኩ እኔ።

በየካቲት ነጃት ካገባችበት ከጅማ ስትመጣ ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ቀርተዋል። ልጁ ስልክ አያነሳም። ሕይወት ከቤት አትወጣም።

ስምንት ቀን ቆየሁ። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጅማ ወረድኩ። የልጁ አባት መንደራ ቆጪ በሚባለው ሠፈር የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ከነሚስቱ አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳቸው። መርጫውን፣ ረቡዕን፣ ስድስቱን መደዳ። አባትየው እንጨቱን አስቀምጦ በትሕትና ሰማኝ።

«እማማ፣ እድሜ ይስጥዎት» አለኝ። «ለልጅቷ አዝነው እንደመጡ ገብቶኛል። የሰው ስም ላለማጥፋት ብለው በራስዎ ላይ መውሰድዎ የእናት ወግ ነው።»

«እውነቱን ነው የምነግርህ» አልኩት።

ሚስትየው፣ በጥር የመጣችብኝ ሴት፣ ናት የመለሰችልኝ። «እውነት ከሆነ የጠየቅንዎት ቀን ለምን አልነገሩንም?»

ውሸቴን አንድ ቀን ሳይሞላው ከተማ ሁሉ አመነው። እውነቴን ሁለት ሰዎች ማሳመን አቃተኝ።

ስለዚህ እጽፈዋለሁ። በቃል የተነገረ ነገር አዝና ነው፣ አርጅታ ነው ይባላል። ይህን አንብባችሁ ያንን ስም የምታውቁ ካላችሁ፣ አልማዝ ንቦቹን አልበላችም። ንቦቹን የገደልኩ እኔ ብዙነሽ ነኝ፣ በጠዋት፣ እያየኋቸው። ስሙንም የሰጠኋት እኔ ነኝ። በረዶው አላደረገውም፣ አዴ ከድጃ አላደረገችውም፣ የላስቲክ አበባውም አላደረገውም። በእነዚህ ሁሉ ላይ ቂም አለኝ፣ ቂሜም ገና አልወጣልኝም፤ ግን የእኔን እጅ አልያዙትም።

ይቅርታ አድርጉልኝ አልላችሁም። ይቅርታ የሚጠየቀው ከእናንተ አይደለም፤ የሚጠየቅበትን ቤትም አውቀዋለሁ። ያን ዕለት ከእንጨት ሥራ ቤቱ ስወጣ ሚስትየው «አልማዝ ያለችው በቾ ቦሬ ነው፤ ለሷ ይንገሯት» ብላ ሠፈሩን ነገረችኝ። ባጃጅ ያዝኩ። የባጃጁ ልጅ ሰው እየጠየቀ በሩ ድረስ አደረሰኝ። ዝቅ ያለ የቆርቆሮ በር ነው፣ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሴት ስታወራ ይሰማል፤ ድምፁን ለየሁት። ምን እንደምትል አልሰማሁም።

«ይኸው ደረስን፣ እማማ» አለኝ ልጁ፣ ሞተሩን አጥፍቶ።

«ቀጥል» አልኩት።